አባቴ ያስተካከለው ስልክ

በጂኦግራፊ ተመርቄያለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ወላይታ ሶዶ ውስጥ በጂኦግራፊ በመመረቁ የኮራ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። የምለው ቀጥሎ የማወራችሁ ነገር በሚገባው ልክ እንዲያሳፍረኝ ነው። ኬክሮስና ኬንትሮስ ስሸመድድ ከርሜ፣ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አልፌ፣ በመጨረሻ የት እንደቆምኩ ማስረዳት ያቃተኝ ሰው ነኝ።

ከምረቃ በኋላ ብዙ ወራት ቤት ተቀመጥኩ። ሥራ ፍለጋ ቀበሌ ስሄድ «ተደራጁ» ይሉኛል። ከማን ጋር? «ከመሰሎችሽ ጋር።» ለምን? «ለኮብልስቶን።» ድንጋይ መጥረብ ነውር የለውም። እኔን የከበደኝ ሌላ ነው፤ ዓይን አፋር ነኝ። መንገድ ዳር ተቀምጬ ስጠርብ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ በዚያ ቢያልፉ ቀና ብዬ ሰላም ማለት ሊኖርብኝ ነው። በኋላ ግን የሚያልፍ ጓደኛ እንደሌለ ገባኝ፤ ሁሉም ድንጋዩ ላይ ነበሩ።

ምርጫ ሲቃረብ ግን አገሩ ሁሉ ይቆጠራል። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት በዞኑ ያለውን ምንጭ፣ ቦኖና የእጅ ፓምፕ ሁሉ መመዝገብ ፈለገ። መዝጋቢው በእግሩ እየዞረ ፎቶ ያነሳል፤ ይሠራል ወይም አይሠራም ብሎ ይሞላል፤ ቦታውን በስልኩ ጂፒኤስ ይይዛል፤ ከዚያ ቢሮ ተመልሶ በዋይፋይ ይልካል። ለዚህ ሥራ በጊዜያዊነት ሁለት ሰው ተቀጠርን፤ እኔና እስራኤል የሚባል ልጅ። አስተባባሪያችን አቶ ጴጥሮስ በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አሉን፦

«ሥራው ሲያልቅ አንድ ቋሚ መደብ አለ። መረጃው ንጹሕ የሆነለት ይቀራል። ሌላው...» አሉና ወደ ጣሪያው አመለከቱ፤ ሌላውን እግዚአብሔር ያውቃል ማለታቸው ነው። «ስማርት ፎን የራሳችሁ ነው።»

የእኔ ስልክ ስማርት ለመባል የቻለው በማስታወቂያው ላይ ብቻ ነበር። ስሙ ከታወቀው ስልክ ስም በአንድ ፊደል ይለያል፤ ዋጋውም የሚለየው በዚያችው ፊደል ሳይሆን አይቀርም። ቢሆንም አባቴ ለምረቃዬ የገዛልኝ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው፤ በሕይወቱ ያልተስተካከለ ነገር አይቶ አላለፈም። ስልኩን ከካርቶኑ ባወጣን ቀን መነጽሩን አድርጎ ለረጅም ጊዜ ሲመረምረው ቆየና፦

«ይሄ የፈረንጅ ቀን ነው የሚቆጥረው» አለ። «እኛ ቤት የሚኖር ነገር በእኛ ዘመን ይኖራል።»

«ራሱ ያስተካክል» የሚለውን ምልክት አጠፋ። ዓመቱን ሁለት ሺህ ስድስት አደረገ። ወሩን በእኛ አቆጣጠር፣ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ እንዲል አድርጎ ሞላው። ስልኩ የማያውቃትን ጳጉሜን አባቴ በእጁ አሻግሮ እስከ መስከረም በሰላም ኖርን። ጥቅምት ላይ ጉድ ፈላ። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ስልኩ ፌብሩዋሪ ይለዋል፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ ሃያ ስምንት ሲሞላ ያበቃል። አንድ ጠዋት ስንነሳ እኛ ጥቅምት ውስጥ ሆነን ስልኩ ኅዳር ገብቷል።

«ሁለት ቀን ሰረቀን!» አለ አባቴ፤ የሌባ እጅ እንደያዘ ሰው።

ከዚያ ወዲህ ወር ባለቀ ቁጥር ከቁርስ በፊት «ስልክሽን አምጪ» ይለኛል። ሠላሳ አንድ ያለውን ይቀንሳል፣ የጎደለውን ይሞላል። የሳምንቱ ቀን ከቁጥሩ ጋር አልገጥም ሲል «ቀኑን አትይ፣ ቁጥሩን እይ» ይላል። እኔም ሰዓትና ቦታ ምን ያገናኛቸዋል ብዬ ዝም አልኩ። (እዚህ ላይ መምህሮቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።) ኢንተርኔት ካርድ ስለሚበላ ከፍቼው አላውቅም፤ እስከዚያን ጊዜ ስልኩ ለመደወልና ፎቶ ለማንሳት በቂ ነበር።

ሥራ ማግኘቴን ስነግረው ደግሞ አባቴ አንድ ነገር ወሰነ። «ቋሚ ስትሆኚ እሑድ ጉባኤው ፊት ቆሜ እመሰክራለሁ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጸሎት ቤት ስንወጣ ሽማግሌዎቹ እጄን ይዘው «እንግዲህ እየጠበቅን ነው» ይሉኛል። ዓይን አፋር ሰው ለማንም ያልተናገረውን ተስፋ መሸከም አይከብደውም፤ በሰልፍ ሆነው የሚጠብቁትን ግን እንዴት ይሸከመዋል?

ሥራዬን ዱቦ ላይ ጀመርኩ። በሚኒባስ ሄጄ ከዚያ በእግር። እንሰት ድንቅ ተክል ነው፤ ቤትም ያስውባል፣ ሰውም ያጠግባል፤ ግን ሰማይ ይሸፍናል። ስልኬ እንሰት ሥር ሆኖ «ቦታዎን በመፈለግ ላይ» ይልና ክቧን ያሽከረክራል። ስታሽከረክር ቆሜ እጠብቃለሁ። ቆሞ የሚጠብቅ እንግዳ ማየት የማይችሉት ባለቤቶች «ግቢ» ይሉኛል፤ እምቢ ማለት አልችልም፤ ቦዬ የሚሉት ሥራ ሥር ተቀቅሎ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር ይቀርባል። አንድ ምንጭ አንድ ሳህን ቦዬ ይፈጅ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ ሽማግሌ ከሳህኑ ማዶ ሆነው አዩኝና፣ ስልኩን አዩና፦

«የጠፋው ማነው? አንቺ ነሽ ወይስ እሱ?» አሉኝ።

«እሱ ነው አባባ።»

«ታዲያ አንቺ ምን አስጠበቀሽ?»

ቢሆንም ጠበቅኩ፤ የዱቦዎቹን ነጥቦች እንደ ምንም ያዝኩ። ቢሮ ተመልሼ በዋይፋይ ልልክ ስል ግን ሌላ ፈተና ገጠመኝ። ስልኩ ዋይፋዩን ይይዛል፤ የምልክበትን ገጽ ስከፍት «የምስክር ወረቀቱ ጊዜው ገና አልደረሰም» የሚል የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ያመጣል። መጀመሪያ ስለ ዲግሪዬ የሚናገር ነበር የመሰለኝ። ከቀበሌያችን ጋር ተነጋግሮ ካልሆነ በቀር ይህን ያህል እንዴት ሊያውቅ ቻለ?

«ከዚህ ዋይፋይ ሁሉም ሰው ይልካል» አሉ አቶ ጴጥሮስ።

እስራኤልም በአንድ ጣቱ ነካ አድርጎ ላከ። የእስራኤል ነገር ይገርመኝ ነበር። ሚያዝያ ነው፤ ዝናቡ መንገዱን አቡክቶታል፤ እኔ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ስገባ የእሱ ጫማ ያበራል። ያኔ ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር።

መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚሸጥና የሚያድስ ተክሌ የሚባል ነጋዴ አለ። አባቱ ከጉራጌ መጥተው ሶዶ ውስጥ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው፤ ልጁ ከጨርቅ ወደ ስልክ ተሻገረ፤ የጨርቅ ነጋዴን አንደበት ግን እንዳለ ወርሷል። ስልኬን በሁለት ጣቱ አንስቶ አገላበጠው።

«እህቴ፣ ይሄ ስልክ አልተበላሸም። ፈርቷል።»

«ምን?»

«አንቴናው ደካማ ነው፤ ሰማይ ሲያይ ይፈራል። እናደፋፍረዋለን።»

የጀርባውን ክዳን ከፈተና የማስቲካ ብልጭልጭ ወረቀት አጣጥፎ ለጠፈበት። «ይሄ ሳተላይት ይስባል።» ቀጥሎ ሳተላይቶችን በክብ ሥዕል የሚያሳይ ፕሮግራም ጫነልኝ። «አራት ሲሞላልሽ አገኘሽ ማለት ነው። እጅሽን ወደ ላይ ዘርጊ፤ ከፍ በይ፤ አትንቀሳቀሺ።»

«ዋይፋዩስ?»

«ዋይፋይ ቀላል ነው። ከጀርባው ብረት ነገር ያዢለት፤ ትሪ ቢሆን ይመረጣል። ሲመታው ይመለሳል።»

እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ። ጥያቄ መጠየቅ ነበረብኝ። ግን ያን ያህል እርግጠኛ የሆነ ሰው ፊት ጥያቄ መጠየቅ ስድብ መሰለኝ። በማግስቱ ከቢሮው ሻይ ቤት የአሉሚኒየም ትሪ ተውሼ፣ የዋይፋዩ ዕቃ የተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ቆሜ፣ ስልኩን በአንድ እጅ ትሪውን በሌላ እጅ ይዤ አገኙኝ።

«ምሳ ልታቀርቢልን ነው?» አለ እስራኤል።

አቶ ጴጥሮስ አንድ ጊዜ ትሪውን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩና ወደ ክፍላቸው ገቡ። የሳቁ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ተበላ ወደምትባለው ከተማ ወረድኩ። ቆላ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከገበያው ራቅ ብሎ ከተሰበረ የቆየ የእጅ ፓምፕ አለ፤ ሴቶቹ ከእሱ ዝቅ ካለ ያልጸዳ ምንጭ ይቀዳሉ። ድንጋይ ላይ ወጣሁና ተክሌ እንዳለኝ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። ፀሐይዋ ስለወጋችኝ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ አልፎ አልፎ እያጮለቅሁ ሳተላይቶቹን እቆጥራለሁ። «አንድ... ሁለት... እባክህ... ሦስት...»

«አሜን» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዓይኔን ስገልጥ ጄሪካን የያዙ ሴቶች ከበውኛል። ከፊቴ ያሉት ወይዘሮ ማርታ (ስማቸውን በኋላ ነው የነገሩኝ) ነጠላቸውን አስተካክለው እጃቸውን ዘርግተዋል። ከቢሮ የመጣሁ ስለመሰልኳቸው በአማርኛ አናገሩኝ፤ የእሳቸው አማርኛ ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም።

«ጸልይ ልጄ፣ አታቋርጥ። ይሄ ፓምፕ ስንት ሰው መጥቶ አይቶታል። ቆሞ የጸለየለት አንተ ብቻ ነህ።»

«ሳተላይት ነው» ልል በወላይትኛ አፌን ከፈትኩ። ግን ዓይናቸውን ጨፍነው እንባ የቀረራቸው ሴት ፊት «ሳተላይት ነው» ማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ ያ ድፍረት ቢኖረኝ ኖሮ ይሄኔ ኮብልስቶን ላይ ቆሜ ሁሉንም ሰላም እል ነበር። ስለዚህ ጸለይኩ። እጄን ሳላወርድ፣ ለፓምፑም፣ ለስልኩም፣ ለቋሚ መደቡም ጸለይኩ። አራተኛው ሳተላይት ብቅ ሲል ሳላስበው «ተገኘ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አንዷ ሮጣ ሄዳ የፓምፑን እጀታ ሞከረችው። አልሠራም። «እምነት ጊዜ ይፈልጋል» አሉ ወይዘሮ ማርታ፤ ተጽናናን።

«ተመዝግቧል፤ አይሠራም ብዬ ሞልቻለሁ፤ ጠጋኝ ይላካል» አልኳቸው። ቃል የሰጠሁት እንግዲህ ያኔ ነው።

ስልኬ ዋይፋዩን እምቢ ስላለ አቶ ጴጥሮስ ነጥቦቼን በገመድ ወደ ኮምፒውተራቸው ገለበጡና ካርታው ላይ ዘረገፏቸው። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ሰማያዊው ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«አባያ ሐይቅ ነው፣ አቶ ጴጥሮስ።» (ጂኦግራፊ ነው የተማርኩት።)

«ፓምፕሽ ሐይቅ ውስጥ ምን ይሠራል?»

የተበላው ፓምፕ፣ ከነእልልታው፣ ከባሕሩ መሐል ተተክሏል። ስልኬ ሲጨንቀው ይገምታል፤ ሲገምት ደግሞ አያፍርም።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ነው የሞላሽው?»

ያን ጊዜ ጫማዬ ላይ ያለው ጭቃ የሁለት ወረዳ አፈር ነበር። አላዩትም። እኔም እግሬን ወደ ወንበሩ ሥር ደበቅኩ፤ ምንጣፋቸውን እንዳላቆሽሽ። እስከ አርብ አስተካክዬ እንዳመጣ ነገሩኝ።

የነገሩ ቋጠሮ የተፈታልኝ ቦምቤ ላይ ነው። ዝናቡ አባርቶ፣ ሜዳ ላይ ቆሜ ሚኒባስ እጠብቃለሁ። ተክሌ የጫነልኝን ፕሮግራም ከፍቼ ክቡን ሳይ፣ ከብዙ ጥበቃ በኋላ ሳተላይቶቹ ተያዙ፤ ከሥር አንዲት መስመር ብቅ አለች፤ ከሰማይ የመጣ ሰዓትና ቀን ነው። ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ይላል። ከላይ፣ ስልኩ ራስ ላይ፣ አባቴ ያስተካከለው ሁለት ሺህ ሰባት አለ። ሁለቱ ዓመቶች በአንድ መስታወት ላይ ተፋጠው ቆሙ።

ያኔ ሁሉም ገባኝ። ሳተላይት ማለት ሰዓት ነው፤ ሰማይ ላይ የተሰቀለ ሰዓት። ስልኩ ቦታዬን የሚያሰላው ከእነሱ ሰዓት ተነስቶ ነው፤ የት እንዳሉ የሚገምተውም በያዘው ቀን ነው። የእኔ ስልክ ሳተላይቶቹን ሲፈልግ የኖረው ከስምንት ዓመት ገደማ በፊት በነበሩበት ነው፤ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ባዶ ግቢ ውስጥ ይዞራል። ዋይፋዩም እንዲሁ ነው። ገጹ የያዘው ምስክር ወረቀት በቅርብ የተሰጠ ነው፤ ሁለት ሺህ ሰባት ላይ ለተቀመጠ ስልክ ገና ያልተጻፈ ወረቀት ነው። ተክሌ የለጠፈው የማስቲካ ወረቀትም ቢሆን ያከለው ነገር ቢኖር የማስቲካ ሽታ ነው።

ዙሪያዬን አየሁ፤ አባቴ ቦምቤ ይገኝ ይመስል። ከዚያ በጣቴ ዘመኑን ቀየርኩት። ክቧ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትዞር ስልኩ አገኘኝ።

እስከ አርብ በነበረኝ ጊዜ ቦምቤን ጨረስኩ፣ ተበላ ተመልሼ ፓምፑን ከሐይቅ አወጣሁት። ወይዘሮ ማርታ «ዛሬስ አትጸልይም?» አሉኝ። ዛሬ ፈጥኖ ተሰማ አልኳቸው። የዱቦዎቹ ቦታቸው ትክክል ስለነበር አልተመለስኩባቸውም፤ ጥንቁቅ ሰው የተሠራ ሥራ አይደግምም። አርብ ጠዋት ቢሮ ገብቼ በዋይፋይ ስልከው፣ ያለ ትሪ፣ በአንድ ጣት ሄደ። ያን ጠዋት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእስራኤል ቀድሜ ሰላም አልኩት።

ከምሳ በኋላ ጠሩን። አቶ ጴጥሮስ ፊታቸው ጠቁሯል።

«የዱቦ መረጃሽ የተሰበሰበው በሁለት ሺህ ሰባት ነው ይላል ኮምፒውተሩ። ይሄ ፕሮጀክት ያኔ አልተወለደም። ያልተወለደ ፕሮጀክት ውኃ ቆጥረሽለታል።»

«ይቅርታ... ያ በእኛ አቆጣጠር ነው» አልኩ። ከራሳቸው በላይ የተሰቀለውን ካላንደር አመለከትኩ፤ ሁለት ሺህ ሰባት ይላል። ጠረጴዛቸው ላይ ያለው የእኔ ውል፣ ከነክብ ማኅተሙ፣ ሁለት ሺህ ሰባት ይላል። «ውሌም ላይ የተጻፈው...»

«ውሉ ለእኛ ነው። ኮምፒውተሩ ለፈረንጅ ነው።»

«ታዲያ እኔ ለማን ነኝ?» አልኩ፤ በልቤ። ዓይን አፋር ሰው ጥሩ ጥሩ መልሶቹን ሁሉ የሚናገረው በልቡ ነው።

«ግማሹ ከዘመን ውጭ የሆነ መረጃ፣ ግማሹም አይታመንም» ብለው የእኔን በሙሉ ዘጉና የእስራኤልን ከፈቱ። «ነጥብ ማለት ይሄ ነው።»

በእርግጥ ያምሩ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ እኩል እኩል እየተራራቁ እንደ ዶቃ ተሰክተዋል። ውኃ በመንገድ ዳር በሰልፍ እንደማይፈልቅ የምታውቅ፣ የሦስት ዓመት ጂኦግራፊ ያላት ሴት እዚያው ተቀምጣለች፤ የጠየቃት የለም። ሆቴል ተቀምጦ፣ ፈጣን ዋይፋይ ይዞ፣ ካርታ ላይ ጣት ማሳረፍ እንዲህ ያለ ንጹሕ ነጥብና እንዲህ ያለ ንጹሕ ጫማ ይሰጣል። ተበላ አካባቢ አንዷን ነጥብ አየኋት። የወይዘሮ ማርታ ፓምፕ ናት ተብላለች፤ ፓምፑ ካለበት ወዲያ ማዶ። «ይሠራል» ይላል።

«ይሄ ፓምፕ አይሠራም» አልኩ። ድምፄ ጮክ ብሎ ወጣ፤ እኔም ደነገጥኩ። «አይቼዋለሁ።»

እስራኤል ፈገግ አለ። «ያየሽው በሁለት ሺህ ሰባት ይሆናል እህቴ። ከዚያ ወዲህ ተጠግኗል።»

ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። አቶ ጴጥሮስም ሳቁ፤ ባለፈው ያጓደሉትን ጨምረው።

ወደ ቤት ስሄድ ዘመኑን መመለስ ረስቼ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሚያዝያ አልቆ ነበርና አባቴ ከቁርስ በፊት «ስልክሽን አምጪ» አለኝ። መነጽሩን አደረገ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አደረገው።

«ማነው ይሄን የነካካው?»

የቁርሱን ሳህን ማቅረብ ጀመርኩ።

«ስምንት ዓመት ወደፊት ሄዷል! ይሄ እኮ ሁለት ቀን አይደለም» አለና መጠገን ጀመረ። ጣቱ ወፍራም ስለሆነ ቁጥሩ ያልፈዋል፤ ይመለሳል፤ እንደገና ያልፈዋል። አልቸኮለም። ሁለት ሺህ ሰባት ላይ ሲያደርሰው በሸሚዙ እጅጌ መስታወቱን ወልውሎ ሰጠኝ።

«ይኸው። አሁን ልክ ሆነ» አለ። ከዚያ የእሑድ ኮቱን ከሚስማሩ አውርዶ አቧራውን እያራገፈ፦ «የመሥሪያ ቤቱ ነገርስ? ነገ ልቁም እንዴ?»

ስልኩን አየሁት። እሱ የያዘው ቀን ትክክል ከሆነ፣ የአቶ ጴጥሮስ ኮምፒውተር እንደሚለው፣ ፕሮጀክቱ ገና አልተወለደም፤ ያልተወለደ ፕሮጀክት ደግሞ ሰው አያባርርም።

«ገና ነው አባዬ» አልኩት።

ኮቱን መልሶ ሰቀለው።